ፒ16፦ ካንሰር ተከላካይ ከሆነ በማህፀን በር ካንሰር ላይ ለምን በዝቶ ይታያል? ከቲ ሴል እርጅናስ ጋር ምን አገናኘው?

አዲስ_ባዮሜድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለድኅረ ምረቃ ሴሚናር ስለ ፒ16 ፕሮቲን ስናነብ አራት ነገሮች አልገጣጠም አሉን። አንደኛ፣ የፒ16 ጂን የሆነው ሲዲኬኤን2ኤ በሜላኖማና በቆሽት ካንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ካንሰር ተከላካይ ነው። ሁለተኛ፣ የማህፀን በር ባዮፕሲ ላይ ግን ፒ16 «ፖዘቲቭ» መባሉ የበሽታው ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ ሰው በዕድሜ በገፋ ቁጥር በደሙ ቲ ሴሎች ውስጥ ይጨምራል። አራተኛ፣ ፓልቦሲክሊብ የሚባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት የፒ16ን ሥራ ነው የሚሠራው ይባላል። ታዲያ መድኃኒቱ ዕጢውን እያቆመ በሽታ መከላከያውን ያስረጃል ማለት ነው? ላብራቶሪ፣ ፓቶሎጂ፣ ኦንኮሎጂ ላይ ያላችሁ በዝርዝር ብታስረዱን። «ጥሩም መጥፎም ነው» የሚለውን መልስ ጠግበናል።

ጂ1_ፍተሻ፦

ግራ የሚያጋባው ፒ16ን ለብቻው ስታዩት ነው። ፒ16 ጨመረ ወይም ቀነሰ ሲባል ወዲያው «አርቢስ (የሴል መከፋፈልን የሚያግደው ፕሮቲን) አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአራቱ ጥያቄዎቻችሁ አብዛኛው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። ሴሉ የእድገት መልእክት ሲደርሰው ሳይክሊን ዲ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ሳይክሊን ዲ ከሲዲኬ4 ወይም ከሲዲኬ6 ኤንዛይም ጋር ተጣምሮ አርቢ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። አርቢ ፎስፌት ሳይበዛበት፣ የመከፋፈያ ጂኖችን የሚያነሳውን ኢ2ኤፍን ይዞ አይለቅም፤ ሲበዛበት ይለቀዋል። የተለቀቀው ኢ2ኤፍ ሳይክሊን ኢን ያስመርታል፤ ሳይክሊን ኢ ከሲዲኬ2 ጋር ሆኖ አርቢ ላይ ተጨማሪ ፎስፌት ይለጥፋል። ከዚህ በኋላ ሂደቱ ራሱን በራሱ ይገፋል። የእድገት መልእክቱ ቢቋረጥ እንኳ ሴሉ ከጂ1 (ከዝግጅቱ ምዕራፍ) ወጥቶ ዲኤንኤውን ወደሚቀዳበት ኤስ ምዕራፍ ያልፋል።

ፒ16 የሚገባው ከላይ ነው። ሲዲኬ4ንና ሲዲኬ6ን ይይዝና ከሳይክሊን ዲ ጋር እንዳይሠሩ ያደርጋል። ሲዲኬ2ን አይነካም። ፒ21ና ፒ27 ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ የእነሱ ዋና ዒላማ ሲዲኬ2 ነው። ፒ21ን የሚያዘው ፒ53 ነው፤ ዲኤንኤ ሲጎዳ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ጉዳቱ ሲጠገን ይወርዳል። ፒ16 ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ ከመጣም ይቆያል። ፒ16 የበዛበትና የቆየበት ሴል አብዛኛውን ጊዜ ወደ መከፋፈል አይመለስም፤ ሴኔሰንስ የምንለው ይህ ነው። ሃይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 በሰው ፋይብሮብላስት ላይ ያየው፣ ከ50 ያህል እጥፍ መባዛት በኋላ የሚመጣው መቆም ማለት ነው።

አንድ ነገር ሴሚናራችሁ ላይ እንዳይቀር። ሲዲኬኤን2ኤ በክሮሞሶም 9 አጭር ክንድ ላይ ያለ አንድ ጂን ሆኖ ሁለት ፕሮቲን ይሠራል። የመጀመሪያው ኤክሶን ይለያያል፣ ሁለተኛው የጋራ ሆኖ በተለያየ ፍሬም ይነበባል። ሁለተኛው ፕሮቲን ፒ14ኤአርኤፍ ነው፤ ፒ53ን ወደ መፍረስ የሚልከውን ኤምዲኤም2ን ይዞ ፒ53 እንዳይፈርስ ያደርጋል። ስለዚህ ቦታው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የአርቢውም የፒ53ውም መስመር በአንድ ምት ይወድቃል። ካንሰር ይህን ቦታ ደጋግሞ የሚያጠፋው በከንቱ አይደለም።

ስላይድ_አንባቢ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ የኤችፒቪ ዓይነት 16 እና 18 ኢ7 የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ኢ7 አርቢን ይዞ ወደ መፍረስ ይልከዋል። ጤነኛ ሴል ውስጥ አርቢ የፒ16ን ምርት ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ አርቢ ሲጠፋ ያ ልጓም ይነሳና ፒ16 እየተመረተ ይከማቻል። ግን ዒላማው የለም፤ በሩ ከተገነጠለ በኋላ ቁልፍ ቢደረደር ማንንም አያግድም። ስለዚህ በማህፀን በር ላይ የምናየው ፒ16 «አርቢ እዚህ ሞቷል» የሚል ምልክት እንጂ የሚሠራ ተከላካይ አይደለም።

ፒ16ን በአንቲቦዲ አቅልመን ስላይድ ላይ ስናነብ ቀለሙ ጠንካራና ያልተቆራረጠ መሆን አለበት፤ በኒውክለስ ወይም በኒውክለስና በሳይቶፕላዝም ሆኖ ከታችኛው የኤፒተልየም ረድፍ ጀምሮ ቢያንስ እስከ አንድ ሦስተኛው ውፍረት መውጣት አለበት። እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ቀለም፣ ወይም ሳይቶፕላዝም ላይ ብቻ የቀረ ቀለም ፖዘቲቭ አይባልም። ጉሮሮ ላይ መስፈርቱ ሌላ ነው፦ ከዕጢው ሴሎች ቢያንስ 70 በመቶው፣ በኒውክለስም በሳይቶፕላዝምም፣ መካከለኛ ወይም ጠንካራ ቀለም። የአንዱን መስፈርት ለሌላው መጠቀም በሪፖርት ላይ የሚታይ ስህተት ነው።

ሜላኖማ ላይ ደግሞ ንባቡ ይገለበጣል። እዚያ የሚያሳስበን ፒ16 ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ነው።

ፒ16 ፖዘቲቭ ማለት ኤችፒቪ አለ ማለት እንዳይመስላችሁ። አርቢ በሌላ መንገድ የጠፋበት ዕጢም እንዲሁ ይቀለማል፤ የሳንባ ስሞል ሴል ካንሰር ጥሩ ምሳሌ ነው። አገራችን ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ስለሆነ ይህ አንቲቦዲ በብዛት ይጠየቃል። የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ስለሆነ ውጤቱ ባዮፕሲ ጠረጴዛ ላይ እስኪታይ ገና ብዙ ዓመት አለ።

ቀለም ሲደክም አንቲቦዲውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፎርማሊኑን ጠይቁ። 10 በመቶ በፈር ያለው ፎርማሊን፣ ከናሙናው 10 እጥፍ መጠን፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት። ትልቅ ናሙና ሳይከፈት በጠባብ ዕቃ ሲገባ ዳሩ ይደርቃል፣ መሀሉ ይበሰብሳል፤ ከዚያ መሀሉ ላይ «ኔጌቲቭ» ይነበባል። በዚያው ስላይድ ላይ ቀለም መያዝ ያለበት ጤነኛ ሴል ካልያዘ፣ ኔጌቲቭ ብሎ መፈረም አይገባም።

አዲስ_ባዮሜድ፦

እናመሰግናለን ዶክ። እንዲህ ከሆነ ፓልቦሲክሊብ የማህፀን በር ካንሰር ላይ ምንም አይሠራም ማለት ነው?

ጂ1_ፍተሻ፦

ኤችፒቪ ያመጣው ከሆነ እንዲሠራ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። መድኃኒቱ የሚያደርገው አርቢ ላይ ፎስፌት እንዳይለጠፍ ነው፤ አርቢ ከሌለ የሚጠብቀው ነገር የለም። ከማህፀን በር ካንሰር የተገኘው የላብራቶሪ ሴል ሄላ ኤችፒቪ 18 ስላለበት ለዚህ ሙከራ ዝግጁ መቆጣጠሪያ ነው። አርቢ ያለውን የጡት ካንሰር ሴል ኤምሲኤፍ7ን ጂ1 ላይ የሚያቆም መጠን ሄላ ላይ ዑደቱን ሳይነካው ያልፋል። የጡት ካንሰሩም ቢሆን መድኃኒቱን ሲለምድ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ አርቢን መጣል ነው፤ ሌላው ሳይክሊን ኢን አብዝቶ በሲዲኬ2 በኩል መዞር ነው።

ቲሴል_ወዳጅ፦

እርጅናው ጋ ልምጣ። ከሰው ደም በተለዩ ቲ ሴሎች ውስጥ የፒ16 ኤምአርኤንኤ ከዕድሜ ጋር እንደሚጨምር፣ በአጫሾችና አካላዊ እንቅስቃሴ በማያደርጉ ሰዎች ላይም ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ይህ ግን አብሮ መሄድ ብቻ ነው። ምክንያት መሆኑን የፈተነው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአይጥ ሥራ ነው፤ የጠየቃችሁትም በትክክል እሱ ውስጥ አለ።

ፒ16ን ከመላው አካል ሳይሆን ከቲ ሴል መስመር ብቻ፣ በሌላ ቡድን ደግሞ ከቢ ሴል መስመር ብቻ አጠፉት። ቲ ሴሉ ላይ ሲጠፋ፣ ያረጁት አይጦች ታይመሳቸው (ቲ ሴል የሚበስልበት አካል) የመሟሸሹ ነገር ቀለለ፣ አዳዲስ ናይቭ (ገና አንቲጂን ያላገኘ) ቲ ሴል የማምረት አቅማቸው ተሻለ፣ ለአንቲጂን የሚሰጡት ምላሽም ተሻሻለ። የቲ ሴል ካንሰር አልጨመረም። ቢ ሴሉ ላይ ሲጠፋ ግን ኃይለኛ የቢ ሴል ካንሰር በብዛት መጣ፤ እንዲያውም አይጦቹ በካንሰሩ ስለተያዙ የቢ ሴል እርጅናን ማጥናት አስቸጋሪ ሆነ። እንግዲህ አንዱ ፕሮቲን፣ በሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ውስጥ፣ በአንዱ ያስረጃል በሌላው ከካንሰር ይጠብቃል። «ፒ16ን ብናጠፋው ወጣትነት ይመለሳል» የሚል ርዕስ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ቲ ሴል ለምን ይብስበታል? ሥራው መባዛት ስለሆነ ነው። ጀርም ያገኘ ሲዲ8 (ገዳይ ቲ) ሴል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊከፈል ይችላል። የጂ1 መተላለፊያ ሲጠብበት ቁጥሩ በወቅቱ አይደርስም።

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

ቲሴል፣ ወንድሜ፣ ፒ16 ላይ ብዙ ጫናችሁበት። የሰው ታይመስ መሟሸሽ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው፤ ፒ16 በደም ውስጥ የሚታይ ጭማሪ ከማምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት። ሳይቶሜጋሎቫይረስም አለ፤ ሲዲ28 የሚባለው የገጽ ምልክት የሌላቸውን፣ ሲዲ57 ያላቸውን ሲዲ8 ሴሎች ከዕድሜ በላይ የሚያበዛው እሱ ነው። የቫይረሱን አንቲቦዲ ሳይለካ «የአረጋዊ ቲ ሴል» እያለ የሚያወዳድር ጽሑፍ ቫይረሱን ነው የሚለካው።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ከሆላንዳውያን ጋር ሲወዳደሩ ናይቭ ቲ ሴላቸው ያነሰ፣ የነቃ ቲ ሴላቸው የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። በአውሮፓ መለኪያ የ30 ዓመቱን ጎልማሳ «በሽታ መከላከያው አርጅቷል» ልትሉት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የራሳችሁን አካባቢ መለኪያ ያዙ።

ቲሴል_ወዳጅ፦

ትክክል ነው፤ ፒ16 ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የ1999ኙን ሴሚናራችሁ ላይ ብትጨምሩት ለብቻው ሩብ ሰዓት ያወያያል።

የቲ ሴል ዓይነቶችን ለመለካት ለምትፈልጉ፣ እነዚህ የገጽ ምልክቶች፦ ሲዲ3፣ ሲዲ8፣ ሲዲ45አርኤ፣ ሲሲአር7፣ ሲዲ28፣ ሲዲ57፣ ፒዲ-1 ይበቃሉ። ሲዲ45አርኤን ብቻ አይታችሁ «ናይቭ» አትበሉ። አረጋውያን ላይ የሚበዙት፣ ጦርነቱን ጨርሰው የተመለሱ ሴሎችም ሲዲ45አርኤን መልሰው ይለብሳሉ፤ የሚለያቸው ሲሲአር7 ማጣታቸው ነው። በዚህ ስህተት የሽማግሌው ደም የወጣት መስሎ ይወጣል።

ያረጀና የዛለ ቲ ሴልም አንድ አይደሉም። ያረጀው ሲዲ28 የለውም፣ ሲዲ57 አለው፣ አይባዛም፤ ግን ሳይቶካይን (የሴሎች መልእክት ፕሮቲን) እንደ ጉድ ይረጫል፣ መግደልም ይችላል። የዛለው ፒዲ-1፣ ቲም-3 እና ቶክስ ከፍ ብሎበት ሳይቶካይኑ የቀነሰ ነው፤ ዕጢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከአንቲጂን ጋር በመፋጠጥ የሚመጣ። ፒዲ-1ን የሚያግድ መድኃኒት ከዛሉት ከፊሎቹን ይቀሰቅሳል፤ በሴኔሰንስ የቆመውን ግን ወደ መባዛት አይመልሰውም። ፒዲ-1 ብቻውን ደግሞ የመዛል ማረጋገጫ አይሆንም፤ ትናንት የነቃ ጤነኛ ሴልም ያወጣዋል።

ኦንኮፋርማ፦

እንደ ፓልቦሲክሊብ ሲዲኬ4ንና ሲዲኬ6ን የሚያግዱትን መድኃኒቶች በተመለከተ። ፓልቦሲክሊብ 125 ሚ.ግ. በቀን አንዴ፣ 21 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል። ከሆርሞን ሕክምናው ሌትሮዞል 2.5 ሚ.ግ. ጋር ሲሆን ሌትሮዞሉ አይቋረጥም። ሪቦሲክሊብ 600 ሚ.ግ. በዚያው 21/7፤ እሱ የልብ ምት ልኬቱን ኪውቲን ስለሚያረዝም ኢሲጂ ከመጀመሩ በፊት ይነሳል፣ በ14ኛው ቀን ይደገማል። አቤማሲክሊብ 150 ሚ.ግ. በቀን ሁለቴ፣ ያለ ዕረፍት።

ነጭ የደም ሴል መውረዱን ከኬሞቴራፒ ጋር አታመሳስሉት። ኬሞ የመቅኒ ሴሎችን ይገድላል፤ እነዚህ ደግሞ ያቆማሉ፣ መድኃኒቱ ሲያርፍ ሴሎቹ ይነሳሉ። የሰባቱ ቀን ዕረፍት ለዚህ ነው። ፓሎማ-2 በሚባለው የፓልቦሲክሊብ ሙከራ ላይ ከባድ የኒውትሮፊል (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) መቀነስ በ66 በመቶ ያህል ታካሚዎች ላይ ታይቶ፣ ትኩሳት የታከለበት ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር። ደም ቆጠራ ከመጀመር በፊት፣ በየዙሩ መጀመሪያ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ደግሞ በ15ኛው ቀንም ይታያል። አዲስ ዙር ለመጀመር ኒውትሮፊል በማይክሮሊትር ቢያንስ 1,000 ይፈለጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ዙሩ ይቆያል፣ በሳምንት ውስጥ ይደገማል። ትኩሳት ካለ ወዲያው ይቆማል። መጠን የሚቀነሰው ወደ 100፣ ቀጥሎ ወደ 75 ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ልዩ ነገር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ እዚህም በእስራኤልና በአሜሪካም ያሉት፣ ያለ ምንም ሕመም ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ዝርያ ላይ ከሚታወቀው ከደፊ-ነል የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። 1,300 ይዞ የጀመረን ታካሚ 1,000 ላይ ሲደርስ ማስደንገጥ፣ መጠኑንም መቀነስ ካንሰሩን መጥቀም ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የነበረውን ቆጠራ ካርዱ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ሪፋምፒሲን የሚወስድ የቲቢ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ችግር ነው። በደም ውስጥ የሚደርሰውን ፓልቦሲክሊብ በ85 በመቶ ይቀንሰዋል፤ ክኒኑ ተውጦ እንዳልተዋጠ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የፈንገስ መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል በተቃራኒው በ87 በመቶ ያህል ይጨምረዋል፤ እንደ እሱ ያለ ጠንካራ መድኃኒት የግድ ከሆነ ፓልቦሲክሊቡ ወደ 75 ይወርዳል። ግሬፕፍሩትም ይቀር።

አቤማሲክሊብ ላይ ክሬአቲኒን ከፍ ሲል ኩላሊት ወደቀ ብላችሁ አትቸኩሉ። መድኃኒቱ ክሬአቲኒን በኩላሊት ቱቦ የሚወጣበትን በር ስለሚዘጋ ቁጥሩ ያለ ጉዳት ሊጨምር ይችላል፤ ዩሪያንና ሲስታቲን ሲን ይዩ። ይህ መድኃኒት ከሲዲኬ6 ይልቅ ወደ ሲዲኬ4 ስለሚያደላ ደሙን እምብዛም አይጎዳም፣ ተቅማጡ ግን ኃይለኛ ነው። ሎፐራማይድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጅ ይኑር።

አዲስ_ባዮሜድ፦

ታዲያ ቲ ሴልም ሲዲኬ6 የሚጠቀም ከሆነ፣ መድኃኒቱ ዕጢውን የሚዋጋውን ቲ ሴል አያቆመውም?

ቲሴል_ወዳጅ፦

መባዛቱን ይቀንሳል፣ አዎ። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የታተሙ ሥራዎች ሌላ ጎን አሳዩ። አርቢ ያለው የጡት ዕጢ ሴል በመድኃኒቱ ሲቆም ዲኤንኤ ላይ ሜቲል እየለጠፈ ጂኖችን የሚያስተኛው ዲኤንኤምቲ1 የሚባል ኤንዛይም ይወርዳል፤ ምክንያቱም ዲኤንኤምቲ1ን የሚያዘው ኢ2ኤፍ ነው። ሜቲሌሽን ሲቀንስ በጂኖማችን ውስጥ ተኝተው የነበሩ የጥንት ቫይረስ ቅሪቶች አርኤንኤ ያወጣሉ፤ ሴሉ ቫይረስ የገባበት መስሎት ኢንተርፌሮን ያነሳል፣ አንቲጂኑን ወደ ላይ አውጥቶ ያሳያል። ምላሽን የሚያፍኑት ቲ ሬግ ሴሎች ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ውጤቱ ባለበት ዕጢና በጊዜው የሚወሰን ሚዛን ነው። ከፒዲ-1 መድኃኒት ጋር አብሮ መስጠቱ ግን እንደተጠበቀው አልሄደም፤ በጉበትና በሳንባ ጉዳት ምክንያት የቆመ ሙከራ አለ።

ሌላው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ትሪላሲክሊብ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው አመክንዮ። ስሞል ሴል የሳንባ ካንሰር አርቢ ስለሌለው መድኃኒቱ ዕጢውን አያቆመውም። የመቅኒ ሴሎች ግን አርቢ አላቸው። ከኬሞ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ውስጥ 240 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር በደም ሥር ለ30 ደቂቃ ሲሰጥ መቅኒው ጂ1 ላይ ይቆማል፤ ኬሞው የሚከፋፈለውን ሲመታ መቅኒው ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ነው። አርቢ ባለው ዕጢ ላይ ይህንኑ ብታደርጉ ዕጢውንም ከኬሞው ልትከልሉት ትችላላችሁ።

ቤተሙከራ_ጥግ፦

ሴኔሰንስን የምትለኩ ከሆነ፦ ያረጀ ሴልን ሰማያዊ ለሚያደርገው የቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ቀለም ሴሎቹን በ2 በመቶ ፎርማልዴሃይድና 0.2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ፊክስ አድርጉ፤ ከቆየ ኤንዛይሙ ይሞታል። ማቅለሚያው ኤክስ-ጋል 1 ሚ.ግ. በሚ.ሊ.፣ ሲትሬት-ፎስፌት በፈር 40 ሚሊሞላር፣ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና ፌሪሳያናይድ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊሞላር፣ ሶዲየም ክሎራይድ 150፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 2 ሚሊሞላር። ፒኤች 6.0 መሆን አለበት፤ በሜትር ለኩ፣ በወረቀት አይሆንም። 37 ዲግሪ ላይ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለበት ኢንኩቤተር። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በተለመደው የሴል ኢንኩቤተር ካስቀመጣችሁት ጋዙ ፒኤቹን ያወርደውና ወጣቱም ሴል ሰማያዊ ይሆናል። ሳህኑን ሞልተው የተጨናነቁ ሴሎችም እንዲሁ።

ሰማያዊ ብቻውን ሴኔሰንስ አይባልም። ኢዲዩ (አዲስ በሚቀዳ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባ ምልክት) አለመግባቱን፣ ፒ16ን ወይም ፒ21ን፣ ከተቻለ አይኤል-6ንም ጨምሩ።

ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠኑ የሚለይ ምርመራ) ላይ ፒ16 ትንሽ ነው፤ 15 በመቶ ጄል፣ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን የሆነ ሜምብሬን። በ0.45ቱ አልፎ ይሄድና «የለም» ትላላችሁ። ለፎስፎ-አርቢ ላይሲስ በፈሩ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድና ኦርቶቫናዴት ከሌለ ፎስፌቱ በእጃችሁ ላይ ይነቀላል፤ ብሎኪንጉም በወተት ሳይሆን በ5 በመቶ ቢኤስኤ ይሁን። ሄላን ለፒ16 ፖዘቲቭ፣ ጂኑ የጠፋበትን ኤምሲኤፍ7ን ኔጌቲቭ አድርጉ።

ሁሉን_ጠርጣሪ፦

በነገራችን ላይ «ያረጁ ሴሎችን የሚያጸዳ» እየተባለ ኩዌርሴቲን በቴሌግራም እየተሸጠ ነው። ምን ትላላችሁ?

ኦንኮፋርማ፦

በአይጥ ላይ ፒ16 ያላቸውን ሴሎች በዘረመል ዘዴ ማጽዳት እ.ኤ.አ. በ2016 የአይጦቹን ሚዲያን ዕድሜ (ግማሾቹ የሚደርሱበትን) ከ24 እስከ 27 በመቶ አራዝሟል፤ እሱ እውነት ነው። በሰው ላይ የተሞከረው ግን ኩዌርሴቲን ለብቻው ሳይሆን ከዳሳቲኒብ ጋር ነው። ዳሳቲኒብ የሉኪሚያ መድኃኒት ነው፤ ፕላትሌት ያወርዳል፣ ሳንባ ዙሪያ ውሃ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳንባ ፋይብሮሲስ ባለባቸው 14 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። በእነዚህ 14 ሰዎች ላይ ተመሥርቶ ማሰሮ ሙሉ ዱቄት መሸጥ ንግድ ነው። ካንሰር ታክሞ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ክኒኑን ከመጨመሩ በፊት ለፋርማሲስቱ ያሳይ።

ቤተሙከራ_ጥግ፦

ለሴሚናሩ ማሳያ ሙከራ ካስፈለጋችሁ፦ ኤምሲኤፍ7 ላይ ፓልቦሲክሊብ 1 ማይክሮሞላር ለ24 ሰዓት፣ ሄላ ጎን ለጎን፣ ለሁለቱም ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ሳህን። ሴሉን በቀዝቃዛ 70 በመቶ ኢታኖል፣ እየነቀነቃችሁ ጠብታ በጠብታ ፊክስ፤ በአንዴ ካፈሰሳችሁት ይጓጉላል። አርኤንኤዝ 100፣ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ 50 ማይክሮግራም በሚ.ሊ.፣ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ፍሎው ሳይቶሜትሩን በዝግታ አስኪዱ፣ የተጣበቁ ሁለት የጂ1 ሴሎች ጂ2 መስለው እንዳይቆጠሩ በሲግናሉ ኤሪያና ዊድዝ (area/width) ለይታችሁ ጣሉ። ኤምሲኤፍ7 ጂ1 ላይ ይከመራል፣ ሄላ እንደነበረ ይቆያል። ፕሮፒዲየም ጂ0ን (ከዑደቱ የወጣ ሴልን) ከጂ1 አይለይም፤ ያን ከፈለጋችሁ ኬአይ-67 ጨምሩበት።